ብሎኩ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ማስረጃው

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፎቶ በክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ እንበል። ከሥሩ ስድብ አለ፤ ከስድቡ ሥር የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ የሰው ዘመድ ነው። ሆጤ የተለጠፈ ነገር ሸዋ በር ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባትም እንደዚያው። ጠዋት ልጅቷ ክፍል ስትገባ ያላየ የለም።

በዚያች ማታ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። ልጅቷ ደንግጣ ቻቱን ታጠፋለች፣ ከግሩፑ ትወጣለች፣ የለጠፈውን ብሎክ ታደርጋለች። ወንድሟ ሰምቶ በኢንቦክስ ገብቶ በእናቱ ይሰድበዋል። አባት ሲደርስ ስልኩን ይቀማል። የሦስቱም ሐሳብ ክፉ አይደለም። ግን በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩም ሆነ ለፖሊስ የሚያሳዩት ነገር በእጃቸው የለም፤ ለጣፊው ደግሞ የወንድሟን ስድብ በስክሪንሾት ይዞ ተቀምጧል።

በኦንላይን ጥቃት ላይ የሚሰጠው ምክር ሁሉ «ብሎክ አድርጉ፣ ሪፖርት አድርጉ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ» ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መያዝ፣ ቀጥሎ ሪፖርት፣ ቀጥሎ መዝጋት። ለትልቅ ሰው መንገሩ ከሁሉም ጎን ለጎን ይሄዳል። ሲገለባበጥ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው፤ ከታች አንድ በአንድ አለ።

የመጀመሪያው ሰዓት

ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ባለ ቻት አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ጊዜ አይገድበውም፤ የዛሬ ዓመት የላከውንም ቢሆን ያጠፋዋል። ዋትሳፕ ቢያንስ «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይተዋል፤ ቴሌግራም ግን ምንም አይተውም። እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ «አውቄሃለሁ፣ ቆይ ለፖሊስ ባልሰጥህ» ብሎ መጻፍ ለተሳዳቢው የማጥፊያ ሰዓት መስጠት ነው። ብሎክ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ቴሌግራም ብሎክ ሲደረግ «ቻቱም ይጥፋ» የሚል ምርጫ አብሮ ያቀርባል፣ በችኮላ ምልክቱ ከገባበት ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ብሎክ ያደረጋችሁትን ሰው ፕሮፋይል ራሳችሁም አታዩትም። ሪፖርትም ቢሆን ከተሳካ ልጥፉን ያስነሳል፤ ያኔ የሚያሳዩት ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት። ሙሉ ስክሪኑ ይነሳ። ስድቡን ብቻ ቆርጦ ማስቀረት የተለመደ ስህተት ነው፤ ላኪው ያልታየበት ስድብ ማንም ሊጽፈው የሚችል ስድብ ነው። የላኪው ስም፣ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ የግሩፑ ስም አብረው ይታዩ። ቀኑ በቻቱ መሐል ላይ በትንሹ ስለሚጻፍ እሱ እስኪታይ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። ንግግሩ ረጅም ከሆነ እየተሳበ ይነሳል፤ የፊተኛው የመጨረሻ መስመር በኋለኛው መጀመሪያ ላይ ይደገም፣ «መሐሉን ቆርጣችሁ ነው» እንዳይባል። ከዚያ ወደ ላኪው ፕሮፋይል ገብቶ ዩዘርኔሙ የታየበትን ማንሳት። ፊት ለፊት የሚታየው ስም በአምስት ሰከንድ ይቀየራልና ብቻውን አይበቃም። ዩዘርኔምም ይቀየራል፤ ለዚህ ነው ሁለቱም በዚያው ሰዓት የሚያዙት። ግሩፕ ወይም ቻናል ላይ ከሆነ መልእክቱን ስትነኩት «ኮፒ ሊንክ» የሚል ከመጣ ሊንኩም ይቀመጥ። ፌስቡክ ላይ የፕሮፋይሉ ሊንክ ከስሙ ይልቅ ይጠቅማል።

ስልኩ ስክሪን ሪከርድ ካለው፣ አሁን አብዛኛው ቴክኖና ሳምሰንግ አለው፣ ከግሩፑ ተነስቶ መልእክቱን አሳይቶ ወደ ፕሮፋይሉ የሚሄደውን ጉዞ በአንድ ቪዲዮ መቅዳት ከተቆራረጠ ፎቶ የበለጠ ያሳምናል። የቲክቶክ ላይቭ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም፤ ላይቩ ሲዘጋ አብሮ ያልፋል። ስክሪንሾት የሚከለክሉ ቦታዎችም አሉ። የቴሌግራም ሲክሬት ቻትና ይዘት እንዳይቀዳ የተዘጋባቸው ግሩፖች በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጥቁር ስክሪን ያሳያሉ። እዚያ ጋ ብልሃት መፈለግ አያስፈልግም፣ በሌላ ስልክ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ነው።

የተያዘው ነገር በአንድ ስልክ ብቻ አይቀመጥ። በቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅ» ላይ ሲቀመጥ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቃል፣ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሚታመን ሰው ስልክ ይሁን። እዚህ አካባቢ ኔትወርክ ላይ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስንቱ ሰው ፋይሉ ኦንላይን ብቻ ስለነበር ባዶ እጁን ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይለያል፤ የእርቃን ፎቶ ወይም ቪዲዮ። ባለፎቶው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ምስሉን ለማስረጃ ብላችሁ አትቅዱ፣ ለማንም አትላኩ። ለአክስትም፣ ለስም ጠሪ መምህርም አይላክም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን መያዝም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የሚያዘው ዛቻው፣ ዩዘርኔሙ፣ ሊንኩ፣ ሰዓቱ ነው። «እዩት እስቲ ያደረጋትን» ብሎ ለመቆጨት ፎርዋርድ የሚያደርግ ዘመድ ከለጣፊው ቀጥሎ ሁለተኛው አሰራጭ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ክርክር ታበላሻለች። ስልኩ 21:30 ሲል እኛ ከምሽቱ 3:30 እንላለን፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጣጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ልጁ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከ20» ይላል፤ ስልኩ ደግሞ ረቡዕ 01:20 ብሎ መዝግቧል። ስልኩ ቀን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ እኛ ግን ቀኑን የምንቀይረው ጎህ ሲቀድ ነው። አቤቱታው ላይ ማክሰኞ፣ ስክሪንሾቱ ላይ ረቡዕ ከሆነ ሌላው ወገን መጀመሪያ የሚይዛት ይህችን ነው። ስለዚህ ደብተር ላይ ሲጻፍ ሁለቱም ይጻፍ፦ ስልኩ ያሳየው ሰዓትና የፈረንጅ ቀን፣ ጎኑ ላይ የእኛው። ከዚያ የትኛው አፕ፣ ማን እንደለጠፈ፣ ምን እንዳለ፣ ማን እንዳየ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ ይጻፍ እንጂ ከሳምንት በኋላ ከትዝታ አይሁን።

ሪፖርቱ፣ ከዚያ መዝጋቱ

ተማሪዎች አንድ አካውንት ላይ ሃምሳ ሰው ሰብስበው «ሪፖርት አድርጉልኝ» ይላሉ። ፌስቡክ ራሱ እንደሚለው የሪፖርቱ ብዛት ልጥፍ አያስነሳም፤ ደንብ መጣሱ ነው የሚታየው። አንድ ሰው በትክክለኛው ምድብ የላከው ሪፖርት ሃምሳ ሰው «አልወደድኩትም» ብሎ ከላከው ይሻላል። «አልወደድኩትም» የሚለው ምርጫ እንዲያውም ክስ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ «እንግዲያው አትከተለው» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። በልጅቷ ስምና ፎቶ የተከፈተ ፌክ አካውንት ከሆነ «ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ»፣ ቀጥሎ «እኔን» ወይም «ጓደኛዬን» የሚለው ይመረጥ። ስልክ ቁጥሯ ከተለጠፈ የግል መረጃ የሚለው ምድብ ነው። አካውንቱን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ልጥፍ ገብቶ ሪፖርት ማድረግም ይለያል፤ ፕሮፋይሉ ላይ ምንም ነውር ላይኖር ይችላል፣ ነውሩ ያለው በሦስተኛው ልጥፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ውድቅ ከሆነ ደግሞ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ቁልፍ ከመልሱ ጋር ይመጣል፤ ብዙ ሰው እሱን ሳይጫን ተስፋ ይቆርጣል።

ቴሌግራም ላይ ሪፖርቱ ከመልእክቱ ላይ ይላካል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የእርቃን ምስል ግን ለብቻው አድራሻ አለው፦ ስቶፕሲኤ አት ቴሌግራም ዶት ኦርግ (stopCA@telegram.org)። ሊንኩ ብቻ ይላካል፣ ምስሉ አይያያዝም።

ልጆቹ ራሳቸው የላኩት ወይም የተነሳባቸው የእርቃን ምስል ሊሰራጭ ነው የሚል ፍርሃት ካለ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው የሚያስተዳድረው፤ ምስሉ ሲነሳ ባለቤቱ ከ18 ዓመት በታች ለነበረ ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ምስሉ ከስልኩ አይወጣም፤ ስልኩ ላይ እንዳለ የጣት አሻራ የመሰለ ረጅም ቁጥር ይወጣለታል፣ የሚላከው ቁጥሩ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያ ቁጥር ያለው ምስል ሲለጠፍ ያውቁታል። ስም አይጠየቅም። ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተመሳሳዩ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» ይባላል። ድክመታቸውም ይታወቅ፤ የሚሠሩት በተባበሩት መድረኮች ላይ ብቻ ነው፣ በየሰው ቴሌግራም ኢንቦክስ የሚዞረውን አይደርሱበትም። ለዚህ ሥራ ምስሉ ስልኩ ላይ መኖር ስላለበት ልጁ የራሱን ምስል በድንጋጤ አጥፍቶት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ቅደም ተከተሉ እዚህም ይገባል።

ከዚህ በኋላ ብሎክ። ለጣፊው የክፍል ልጅ ከሆነና በየቀኑ የምታየው ከሆነ ግን ብሎክ ራሱ ሌላ ጸብ ይከፍታል፤ «ብሎክ አደረገችኝ» ተብሎ አዲስ ልጥፍ ይወጣል። ኢንስታግራም ላይ ለዚህ «ሪስትሪክት» የሚባል አለ። የተገደበው ሰው የሚጽፈው ኮሜንት ለራሱ ብቻ ይታየዋል፣ መልእክቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ እሱ ግን አያውቅም። ለተማሪ ከብሎክ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ኮሜንት በቃላት ማጣራት ይቻላል። የሚሰድቡትን ቃላት ሴቲንግ ውስጥ አስገብቶ የያዘው ኮሜንት እንዲደበቅ ማድረግ ነው። እኛ ጋ የሚሰናከለው በፊደላችን ነው። «አህያ» ብላችሁ ብታስገቡ «አሕያ» እና «አኅያ» ሊያልፉ ይችላሉ፤ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉበት ቃል ሁሉ በየአጻጻፉ ይግባ። ከዚያ «የ»፣ «ለ»፣ «እንደ» የተቀጠሉበት፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው፣ እሱም እያንዳንዱ ሰው በፈለገው መንገድ የሚጽፈው። አንድ ስድብ በቀላሉ ስምንት አስር መስመር ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሠራው፣ ስድቦቹን አንድ በአንድ መጻፍ ራሱ ያማል። እህት ወይም ጓደኛ ትጻፍላት።

ስልክ ቁጥሯ «ደውሉላት» ተብሎ ከተለጠፈ ሲም መቀየር የመጀመሪያው ነገር አይሁን። ቁጥሩ ላይ ቴሌብር፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት የሰጠችው አድራሻ ተንጠልጥሏል። አንድሮይድ ላይ «የማይታወቁ ቁጥሮችን ዝጋ» የሚለው ብዙዎችን ያታልላል፤ የሚዘጋው ቁጥሩን ደብቆ የሚደውለውን እንጂ ኮንታክት ላይ ያልተመዘገበውን አይደለም። የሚሠራው «ዱ ኖት ዲስተርብ» ውስጥ ገብቶ ጥሪ ከኮንታክት ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት እንዲያ ይቆይ፤ ደዋዩ መልስ ሲያጣ ይሰለቻል። የቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥም ቁጥሬን ማን ያያል ለሚለው «ኖባዲ»፣ በቁጥሬ ማን ያገኘኛል ለሚለው «ማይ ኮንታክትስ»፣ ግሩፕ ውስጥ ማን ይጨምረኛል ለሚለውም «ማይ ኮንታክትስ»። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ልጆችን ስድብ ወዳለበት ግሩፕ እየጎተቱ የሚያስገቡት በእሷ በኩል ነው።

ስለ ኮንፌሽን ቻናሎችም ሁለት ቃል። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ በቦት የሚልክበት፣ አድሚኑ የሚለጥፍበት ቻናል ማለቴ ነው። «ማንም አያውቅም» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ቦቱን የሚያሽከረክረው ሰው የላኪውን አካውንት ማየት የሚችልበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ አድሚኑን ማነጋገር ዋጋ አለው። ግን ልጅቷ ሳትሆን ትልቅ ሰው ያነጋግረው፣ ሊንኩን ጠቅሶ፣ ሳይሳደብ። ለማውረድ እምቢ ካለ እሱም በዚያው ነገር ውስጥ ይቆጠራል።

ገንዘብ ከተጠየቀ

ይህ ከስድብ የተለየ ነገር ነው። «500 ብር ካልላክሽ ፎቶሽን ለአባትሽ እልካለሁ» የሚል ሰው የሚፈልገው ገንዘብ ነው፣ ወይም ተጨማሪ ፎቶ። በዚህ አይከፈልም። የከፈለ ሰው ለአስፈራሪው ያሳየው መክፈል እንደሚችል ነው፤ ነገ 1000 ይሆናል። ወንዶች ልጆችም ይያዛሉ፤ በሴት ስም የተከፈተ አካውንት፣ ፈጣን ፍቅር፣ ቪዲዮ ጥሪ፣ ከዚያ የተቀዳው። ወንድ ልጅ ደግሞ ይህን ለመናገር ከሴት ልጅ ይልቅ ያፍራል፣ እና ብቻውን ይከፍላል።

ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን ራሱን ያጋልጣል፤ የሚላክበት ቁጥር መስጠት አለበት። የቴሌብር ቁጥር ከሰጠ ቁጥሩ የተጻፈበት መልእክት ይያዝ። ከዚህ በፊት ተከፍሎ ከሆነ ከ127 የመጣው አጭር መልእክት አይጥፋ፤ የግብይት ቁጥሩና የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ ናቸው። የባንክ ሒሳብ ከሆነም ደረሰኙ። ከዚያ መልስ ማቋረጥ፣ አካውንቱን ግን አለማጥፋት። አካውንቱ ሲጠፋ ዛቻውም አብሮ ይጠፋል። ወደ ፕራይቬት ይቀየር፣ የጓደኞች ዝርዝር ፌስቡክ ላይ «ኦንሊ ሚ» ይደረግ፤ አስፈራሪው «ለእነዚህ ሁሉ እልካለሁ» ብሎ ስክሪንሾት የሚልከው ያንን ዝርዝር ነው።

በዚያች ሌሊት ልጁ የሚሰማው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ቀጣዩን ሁሉ ይወስናል። «ለምን ላክሽለት?» ከሆነ በሩ ተዘጋ። «አብሽሪ፣ አብረን እንጨርሰዋለን» ከሆነ የቀረውንም ትናገራለች፤ ያልተናገረችው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። ጥፋቱ በኋላ፣ በሌላ ሳምንት፣ ይወራበታል። ስልክ የሚቀማ ወላጅ ልጁን የጠበቀ ይመስለዋል፣ ግን ልጁ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ አለመናገር።

«ልሙት» የሚል ቃል ከወጣ፣ ቀልድ ቢመስልም፣ ወይም ልጁ ዕቃውን እያደለ፣ እየተሰናበተ፣ ሳይበላና ሳይተኛ ከቆየ፣ የማስረጃው ሥራ ይቆይ። ያን ሌሊት ብቻውን አያድር። የቤቱ መድኃኒትና የፀረ ተባይ ኬሚካል ከእጁ ይራቅ። በቀጥታ ይጠየቅ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል፤ ለዚህ የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ከኮምቦልቻም በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ይደረሳል።

በሮቹ

የብዙዎቹ ፎቶ የሚወጣው በሃከር አይደለም። ኮዱን ራሳቸው ሰጥተው ነው፣ ወይም ጥገና ቤት ከተተወ ስልክ ላይ ነው።

«በስህተት ወዳንቺ ስልክ የተላከ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» የሚለው መልእክት ከጓደኛ አካውንት ቢመጣም ጓደኛዋ ቀድማ የተሰረቀች ናት። ያ ኮድ የቴሌግራሟ ቁልፍ ነው። ከተሰጠ ወዲያው ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»። ለምን ወዲያው? አዲስ የገባ ሰው የቆዩትን ስልኮች ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ ስላለበት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የበላይነቱ የባለቤቷ ነው። ቀጥሎ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከኮዱ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀው) ይብራ፣ ከኢሜይል ጋር። ኢሜይል ሳያስገቡ ፓስወርድ መርሳት ሰባት ቀን ያስጠብቃል።

ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሲምና ሚሞሪ ካርዱ ይውጣ። አብዛኛው ጠጋኝ የሰው ፎቶ ለማየት ጊዜ የለውም፤ ችግሩ ስልኩ ስንት እጅ እንደሚያልፍ አለመታወቁ ነው። ስክሪን ለመቀየር ፓተርኑን ጽፎ መተው አያስፈልግም፤ ቆሞ ጠብቆ ራስ መክፈት ይቻላል። አዲሶቹ ሳምሰንጎች «ሜይንቴናንስ ሞድ» የሚባል አላቸው፣ ጠጋኙ ስልኩን ይሞክራል፣ ፎቶና መልእክት ግን አይታየውም። የተሰረዘ ፎቶ በብዙ ስልኮች ጋለሪ ውስጥ ለ30 ቀን ያህል ቅርጫት ውስጥ እንደሚቆይ፣ ቴሌግራምም የተላኩትን ፎቶዎች በራሱ ማህደር እንደሚያስቀር ልጆቹ ይወቁ። ኢንተርኔት ቤት በኮምፒውተር የተከፈተ ቴሌግራም መስኮቱን በመዝጋት አይወጣም፤ «ሎግ አውት» ካልተባለ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ያነብበዋል።

ትምህርት ቤት፣ ሽማግሌ፣ ፖሊስ

ለትምህርት ቤት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቅረብ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው በእጅ ቀርቶ። መነሻው ስም ጠሪ መምህሩ ነው፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ። ሁለት ነገር አስቀድሞ ይጠየቅ፦ ስክሪንሾቱ በመምህራን ግሩፕ ላይ እንዳይዞር፣ ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ተደርገው «ተናገሩ» እንዳይባሉ። ሁለተኛው ቢሮ ውስጥ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለተሰደበችው ግን ያው ስድብ ነው፣ በአካል።

ወሎ በአባጋሮቹና በሽምግልናው የሚታወቅ አገር ነው፤ ሽማግሌ መላክ ከሕግ ይቀድማል። እኩዮች በስድብ ሲጋጩ ይህ ከፖሊስ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሁለቱም ነገ እዚያው ክፍል ነው የሚቀመጡት። ግን የእርቁ ቃል የተጻፈ ይሁን፣ ምን እንደሚጠፋ፣ ከየት እንደሚጠፋ፣ እስከ መቼ። «ማስረጃውን አጥፉና ታረቁ» ከተባለ አይሆንም፤ ማስረጃው በታማኝ ሽማግሌ እጅ ይቆይ። ለጣፊው አዋቂ ከሆነ፣ ገንዘብ ከተጠየቀ፣ የእርቃን ምስል ካለ፣ ወይም የመግደል ዛቻ ካለ ደግሞ ሽምግልና ቦታው አይደለም።

ያኔ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን መርማሪ ጠይቆ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 መሠረት በኮምፒውተር ሥርዓት ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል አሰራጭቶ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለ ሰውየው መረጃ ደጋግሞ በመላክ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ማድረስ ደግሞ ከበድ ይላል፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። «ደጋግሞ» የሚለውን የሚያሳየው ያ ደብተር ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ ስለዚህ «እስቲ ክረምቱ ይለፍ» እየተባለ መጓተት የለበትም። ስልኩ ራሱ ይወሰድ፣ የታተመው ወረቀት ደግሞ ተጨማሪ።

ለጣፊው የእናንተ ልጅ ከሆነስ?

ስለዚህ ብዙ ሰው አይጽፍም፣ ግን ለጣፊውም የአንድ ቤት ልጅ ነው። የወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ እርምጃ ይታያል፤ 15 ካለፈ ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም እንደ አዋቂ ይጠየቃል። «ልጅ ነው» የሚለው ለ17 ዓመት ወጣት አይሠራም።

በቀበቶ መጀመር ዝርዝሩን ያስጠፋል። የሚያስፈልገው ዝርዝሩ ነው፦ የት የት እንደለጠፈ፣ ለማን ለማን እንደላከ። ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው ልጥፍ «ለሁሉም» ተብሎ ቢጠፋም ፎርዋርድ የተደረጉት ቅጂዎች አይጠፉም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ራሱ ይጻፍ፣ «የላክሁት ስህተት ነው፣ አጥፋው፣ ለማን እንደላክህም ንገረኝ»። ከመጥፋቱ በፊት የተሰደበችው ልጅ ወላጆች ማስረጃቸውን መያዛቸውን ጠይቁ፤ እናንተው ቀድማችሁ ካስጠፋችሁ ልጃችሁን ደበቃችሁ ነው የሚባለው። ይቅርታው ደግሞ በግሩፕ ላይ አይለጠፍ። «እገሊትን ስለሰደብኳት ይቅርታ» ብሎ መለጠፍ ያላየውን ሰው ሁሉ ወደኋላ ሄዶ እንዲፈልግ ያደርገዋል። እቤቷ ሄዶ፣ ከእናንተ ጋር፣ እሷ ከፈለገች ብቻ። ካልፈለገች በሽማግሌዎች በኩል ቃሉ ይድረሳት፣ እሷ ግን ልታየው አትገደድ።